«ወተቴ አይበቃውም» እና ሌሎች የአራስ ቤት ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከአራስ ቤት የተላኩ ናቸው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለጡት ማጥባት ሰጥቼዋለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት በማዋለጃ ክፍልና በድኅረ ወሊድ ክትትል ሠርቻለሁ። እዚህ የምመልሰው አልጋ አጠገብ ቆሜ ለእናቶች የምነግረውን ነው። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምም አስቀርቻለሁ። ልጁን ወይም እናቱን በዓይን ማየት የሚያስፈልግ ሲሆን «ጤና ጣቢያ ሂዱ» እላለሁ። እባካችሁ ያን ጊዜ ሂዱ።

ሲስተር፣ እንደምን አለሽ? የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ወተቴ አይበቃውም መሰለኝ። ቀን ደህና ይውልና ከአመሻሽ እስከ እኩለ ሌሊት ጡት ላይ ነው። ሳነሳው ያለቅሳል። መጀመሪያ ሰሞን ጡቴ ግጥም ብሎ ይሞላ ነበር፣ አሁን ለስልሷል። ጨምቄ ባየው ጠብ ጠብ ነው የሚለው። አማቴ «ወተትሽ ቀጥኗል፣ የጣሳ ወተት ይጨመርለት» ይሉኛል። የእኛ አገር ሙቀት ስለሆነ ውሃስ ትንሽ ላቅምሰው?
*የመጀመሪያ ልጅ እናት፣ ከአዳማ*

የኔ እናት፣ ከጻፍሽልኝ ውስጥ ወተትሽ ማነሱን የሚያሳይ አንድም ምልክት አላገኘሁም። ላጽናናሽ ብዬ አይደለም የምለው። አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡት የሚወጠረው በወተት ብቻ አይደለም። ደምና ሌላ ፈሳሽም ወደ ጡት በብዛት ስለሚመጣ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ያ እብጠት ይወርዳል። ወተቱም ልጁ በሚስበው ልክ መመረት ይጀምራል። ስለዚህ ጡትሽ ስለለሰለሰ ባዶ ሆኗል ማለት አይደለም። ስትጨምቂው ጠብ ጠብ ማለቱም ምንም አይነግረንም። በደንብ የያዘ ልጅ የሚስበውን ያህል ያልለመደ እጅ አያወጣም።

የምሽቱ ነገር እናቶችን በጣም ያስጨንቃል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሕፃናት አመሻሽ ላይ ደጋግመው ይጠባሉ። አንዱን ይለቃሉ፣ ሌላውን ይይዛሉ፣ ይነጫነጫሉ፣ እንደገና ይፈልጋሉ። ሦስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብስባቸዋል። ልጅ ደጋግሞ ሲስብ ሰውነትሽ «ጨምር» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፣ ከዚያ ወተቱ ይጨምራል። ችግሩ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ጡጦ ሲገባ ነው። ልጁ የጣሳ ወተት ጠጥቶ ጥቅልል ብሎ ይተኛል። ቤቱ ሁሉ «አየሽ፣ ርቦት ነበር» ይላል። ጡትሽ ግን ያን ምሽት አልተሳበም። በማግስቱ ትንሽ ያንሳል፣ ጡጦው ይጨመራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወተቱ በእርግጥ ያነሰ ይሆናል። ይህን ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። አብዛኛዎቹ እናቶች በቂ ወተት ነበራቸው።

ታዲያ በምን ታውቂያለሽ? ከጡትሽ ይልቅ ዳይፐሩን እዪ። ከአምስተኛ ቀን በኋላ ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት አለበት። ሽንቱ ነጣ ያለ ይሁን። ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ ለመቁጠር እንዲያውም ይቀላል። ሁለተኛው ሚዛን ነው። ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 7 ከመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ግን የተወለደበትን ክብደት መመለስ ይጠበቅበታል። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር ቢያንስ ግማሽ ኪሎ ይጨምራል። ልጅሽ ሦስት ሳምንት ሞልቶታልና ነገ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኚው። የተወለደበት ክብደት የተጻፈበትን ካርድ አትርሺ። ሚዛኑ የሚልሽን ለአማትሽ አሳያቸው።

በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ8 እስከ 12 ጊዜ አጥቢው። ሰዓት እየቆጠርሽ አትንጠቂው፣ አንዱን ጡት ራሱ እስኪለቅ ጠብቂና ሌላውን ስጪው። የሌሊቱን አትዝለይ። ወተት እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ሌሊት ስታጠቢ በብዛት ይመነጫል።

በእርግጥ ወተት የሚያንስበት ጊዜም አለ። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ ሲቀር፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስ፣ የታይሮይድ ችግር ሲኖር ይከሰታል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን በጊዜ ሲጀመርም ወተት ይቀንሳል። ክኒን ጀምረሽ ከሆነ ስሙን ይዘሽ ሂጂና ለምታጠባ እናት በሚሆነው ይቀይሩልሽ። ልጁ ከ6 ጊዜ በታች ከሸና፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ እንቅልፍ አብዝቶ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ካለ፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሐኪሙ የዱቄት ወተት ካዘዘ ደግሞ ያለ ጥፋተኝነት ስጪው። መድኃኒት በዪውና ስጪው።

ውሃውን ግን አይሆንም። አዳማም ሆነ አፋር፣ እስከ 6 ወር ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም። የእናት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው፣ ሲጠማው አጥቢው። ውሃው ሆዱን ይሞላበታል፣ ተቅማጥም ይዞ ይመጣል።

አማትሽን አትጣያቸው። ስለ ልጅ ልጃቸው ተጨንቀው ነው። አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ አብሹን ይሥሩልሽ፣ አንቺም ብዪ፣ ጉልበት ይሆንሻል። ከአመሻሹ ጡት መሐል ልጁን ትከሻቸው ላይ አድርገው ግሳት ያስወጡልሽ። ያቺ ሩብ ሰዓት እጅሽን ያሳርፍሻል።

ሲስተርዬ፣ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው። የሁለቱም ጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ ይደማል። ልጄ ሊጠባ ሲል ጥርሴን ነክሼ ነው የምጠብቃት። እናቴ ቅቤ ቀቢው ትለኛለች፣ ጎረቤት ደግሞ እስኪድን አቁሚ ትላለች። ትናንት ያቀረሸችው ወተት ላይ ደም አይቼ ልቤ ቀጥ ሊል ነበር።
*ከደሴ*

አይዞሽ። ከደሙ ልጀምር። ከተሰነጠቀው ጡትሽ የዋጠችው ደም ነው፣ አይጎዳትም። ጡትሽ መድማቱን ሲያቆም ከእሷም ይጠፋል። ጡትሽ ድኖ እያለ ደም ካየሽ ወይም ሰገራዋ እንደገና ጥቁር ከሆነ ግን አሳያት።

የስንጥቁ ምክንያት ዘጠና ከመቶ ያህሉ… አይ፣ ቁጥር አልጠራም። ግን የማያቸው እናቶች ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምፈትሸው አያያዙን ነው፣ ብዙ ጊዜም እዚያው አገኘዋለሁ። ልጅቱ ጫፉን ብቻ ነው የያዘችው። ጫፉን ብቻ ስትይዝ ድድና ላንቃዋ መሐል ይታሻል፣ ይቆስላል። ወተቱም በደንብ አይወጣላትም፣ ስለዚህ አጥብቃ ትስባለች፣ የበለጠ ይቆስላል።

ኦፕራሲዮን ስለሆንሽ መጀመሪያ አቀማመጥሽን እናስተካክል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በጎንሽ ተኝተሽ፣ እሷንም በጎኗ ወደ አንቺ አዙረሽ ማጥባት ነው። ሁለተኛው ከብብትሽ ሥር ማድረግ ነው። ትራስ ላይ ታስተኛያታለሽ፣ እግሯ ወደ ጀርባሽ ይሄዳል፣ ራሷ በእጅሽ ላይ ይሆናል። በሁለቱም ቁስልሽ ላይ አትረግጥም።

አሁን ቀስ ብለሽ አብረሽኝ ሥሪው። ጀርባሽ ይደገፍ። ጡትሽን ይዘሽ ወደ እሷ አትጎንበሺ፣ እሷን ወደ አንቺ አምጫት። ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ በአንድ መስመር ይሁኑ፣ አንገቷ አይጠምዘዝ። ሰውነቷ ገላሽ ላይ ይለጠፍ። አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርጊው። ጫፉን የላይ ከንፈሯ ላይ ነካ ነካ አድርጊና ጠብቂ። መጠበቁ ነው የሚከብደው፣ እናቶች በትንሹ ስትከፍት ቶሎ ያስገባሉ። ትልቅ ጉርሻ ሲመጣብን አፋችንን እንደምንከፍተው እስክትከፍት ታገሺ። ልክ ስትከፍት አገጯ ቀድሞ ጡትሽን እንዲነካ አድርገሽ ፈጠን ብለሽ ሳቢያት። ጭንቅላቷን ከኋላ አትግፊ፣ ትከሻና ጀርባዋን ነው የምትገፊው።

በደንብ ከያዘች አገጯ ጡትሽ ላይ ይጣበቃል። የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ከጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል ብዙ፣ ከታች በኩል ትንሽ ይታያል። ጉንጯ ሞላ ይላል፣ አይሰረጉድም። ቀስ ያለ ረጅም ሳብታ፣ ከዚያ የመዋጥ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ መቆጥቆጥ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ካመመሽ አትቻይው። ንጹሕ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂያትና እንደገና ሞክሪ። ዝም ብለሽ ከመነጨቅሽ ነው የሚብሰው። ስትጨርስ ጫፉን እዪው። ክብ ሆኖ ከወጣ ደህና ይዛለች። ጠፍጣፋ ወይም በአንድ ጎን የሾለ ከሆነ ገና ነው።

ለቁስሉ ካጠባሽ በኋላ ጥቂት የራስሽን ወተት ጨምቀሽ ቀቢውና ነፋስ ያግኘው። ሳሙና አታስነኪው። ፋርማሲ ላኖሊን የሚባል ቅባት ካገኘሽ ስስ አድርገሽ መቀባት ትችያለሽ፣ ለማጥባት መታጠብ አያስፈልገውም። ቅቤውን ግን አልመክርሽም። ለቁስል ንጹሕ አይደለም፣ ጡቱንም ያንሸራትትባታል። ለእናትሽ «ለፀጉሬ ይሁንልኝ» በያት። ማቆምም አያስፈልግሽም። ከሚቀልሽ ጡት ጀምሪ። አንዱ ፈጽሞ ካልቻልሽው ያንን ለአንድ ቀን በእጅ አልበሽ በሲኒ ስጫት።

ከዳነ በኋላ ድንገት የሚያቃጥል ሕመም ከመጣ፣ ጫፉ ካሳከከና ካብለጨለጨ፣ በልጅቱ አፍ ውስጥም ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካየሽ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ያኔ እናትና ልጅ አብረው ይታከማሉ። አንዱን ብቻ ማከም ዋጋ የለውም፣ መልሰው ይሰጣጣሉ።

ለሲስተር፦ ባለቤቴ ከወለደች አምስት ሳምንት ሆኗታል። ከትናንት ጀምሮ ግራ ጡቷ በአንድ በኩል ቀልቶ ጠጥሯል፣ ሲነኩት ያቃጥላል። ትኩሳቷ 38.7 ነው፣ ያንቀጠቅጣታል። ቤት ያሉ ሴቶች «ዓይን ነው፣ ወተቱም ተበላሽቷል፣ ልጁ እንዳይጠባው» ብለው ጡቱን በኃይል እያሹት ነው። ከፋርማሲ መድኃኒት ልግዛላት?
*ባል፣ ከባሕር ዳር*

ወንድሜ፣ ሙቀቷን ለክተህ መጻፍህ ትልቅ ነገር ነው። ይህ የጡት መቆጣት ይመስላል። ወተት አንድ ቦታ ላይ ሲቋጥርና ሳይወጣ ሲቆይ ይመጣል። ጡት የዘለለች፣ የተጣበቀ ጡት መያዣ ያደረገች፣ ጫፏ የተሰነጠቀ እናት ላይ ይበዛል።

ዛሬውኑ ማሸቱን አስቁምልኝ። በኃይል ማሸት የተቆጣውን ሥጋ የበለጠ ያሳብጠዋል። ልጁ ይጥባ። ወተቱ አልተበላሸም፣ ልጁን አያሳምመውም። ጣዕሙ ትንሽ ጨዋማ ሊሆን ይችላልና አንዳንድ ልጅ ያኮርፋል፣ ያን ጊዜ እስኪቀልላት ድረስ ብቻ በእጅ ትለብ። ድንገት ማቆም ነው መግል እንዲቋጥር የሚያደርገው። ከጡት መልስ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግላት። ሌላ ሕመም ከሌለባት ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ትውሰድ። ትጠጣ፣ ትተኛ። ልብስ ማጠቡንና እንግዳ መቀበሉን አንተ ያዝ።

አንቲባዮቲኩን ግን በግምት አትግዛ። ሁልጊዜ አያስፈልግም። ሲያስፈልግም ለምታጠባ እናት የሚሆነው ተመርጦ፣ ለሙሉ ጊዜው ነው የሚሰጠው። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልቀለላት ወደ ጤና ተቋም ውሰዳት። እያንቀጠቀጣት ትኩሳቱ ከጨመረ ወይም ራሷን ከሳተች ምንም አትጠብቅ። ጡቷ ውስጥ የማይሟሟ፣ ሲነኩት ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ከቀረም መግል ሊሆን ይችላልና ሐኪም ያወጣዋል። ከዚያ በኋላም ማጥባት ይቻላል።

ሲስተር ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ልጄ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። እኛ ልጅ ሲወለድ ቅቤ እናልሳለን፣ የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት አልበን እንደፋለን። ጡት እምቢ ካለም እንጥሉን እናስቆርጣለን። አሁን የቀበሌዋ የጤና ልጅ ሁሉም ተከልክሏል ትላለች። እውነት ነው?
*አያት፣ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ*

እናቴ፣ ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ እውነቷን ነው።

ያ ቢጫው ወፍራም ወተት እንገር ነው። እርስዎ ላም ያውቃሉ። ጥጃ እንገሩን ካልጠባ እንደማይጠና ከእኔ በላይ ያውቁታል። የሰውም እንዲሁ ነው። ጥቂት ስለሆነ አይናቁት፣ በመጀመሪያው ቀን የሕፃን ሆድ የሚችለው በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ልጁን ከበሽታ የሚከላከለው ነገር በብዛት ያለው በእሱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ጥቁር ሰገራም ይጠርግለታል። ስለዚህ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራቁት ገላው በእናቱ ደረት ላይ ይሁንና ይጥባ። ቅቤ፣ ስኳር ውሃ፣ አብሽ ውሃ አይቅመስ።

የእንጥሉን ነገር ደግሞ ለምኜዎት ነው፣ ይቅር። የግግ ማስነቀሉም ይቅር። በዚህ ምክንያት ደም የፈሰሳቸው፣ ቁስሉ መርዞባቸው በቴታነስ የሞቱ ጨቅላዎች አሉ። ጡት እምቢ ያለ ልጅ ታሞ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም ሰውነቱ መቀዝቀዝ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መልፈስፈስ ካለው በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ነው። አንዳንዴም አፍንጫው ተደፍኖ ነው፣ ወይም ከምላሱ ሥር ያለው ክር አጥሮ ነው። ይህን አይቶ የሚለየው ባለሙያ ነው።

እርስዎ የሚሠሩት ብዙ አለ። ልጅዎ በወለደች ማግስት ጠያቂው ቤቱን ሲሞላው በሩን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋታል። «አሁን እያጠባች ነው» ብለው የሚመልሱልን እርስዎ ነዎት። ያንን እኔ ብናገረው ማንም አይሰማኝም።

ዐቢይ ጾምን ጾሜ ማጥባት እችላለሁ? ልጄ አራት ወሯ ነው።
*ከጎንደር*

የጾሙን ሥርዓት የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ። የምታጠቢ መሆንሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። በሰውነት በኩል ያለውን ልበልሽ። የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ብታጎድዪም ወተቱ ቶሎ አይቋረጥም። ሰውነትሽ ከራሱ እየነጠቀ ይሰጣታል፣ የምትደክሚው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እኔን ከምግቡ ዓይነት ይልቅ ያለ ምግብ የሚውለው ሰዓት ያሳስበኛል። የጾም ምግብ ከሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ ከፍራፍሬ ጋር አብዢ፣ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሚ። ከጾም ውጭም ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል የማትቀምሺ ከሆነ ስለ ቫይታሚን ቢ 12 ሐኪም አማክሪ፣ እጥረቱ ወደ ልጅቱም ይሄዳል። ሙስሊም እህቶችም ስለ ረመዳን ይጠይቁኛል። ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች የምታጠባ እናት እንድታፈጥር ሃይማኖቱ ይፈቅድላታል።

ሲስተር፣ ባንክ ነው የምሠራው። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ልጄን ጡት ብቻ ነበር የምሰጠው። ማለቢያ መሣሪያው ውድ ሆነብኝ። እንዴት ላድርግ?
*ከአዲስ አበባ*

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ልጁ ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ግን 6 ወር ነው። መሐሉ ያለው ሦስት ወር በእናቶች ጫንቃ ላይ ወድቋል። ይህ እንዲስተካከል እመኛለሁ። እስከዚያ ግን እጅሽ አለልሽ፣ መሣሪያ የግድ አይደለም።

ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ተለማመጂ። ጠዋት ይሻላል፣ ያኔ ጡት ያጋታል። እጅሽን ታጠቢ። ሰፊ አፍ ያለው፣ በፈላ ውሃ የተቀቀለ ዕቃ ያዢ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ጠቋሚሽን ከታች አድርጊ፣ ከጫፉ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለሽ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ። ከዚያ ሁለቱን ጣቶች አገናኚ፣ ልቀቂ። ግፊ፣ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ጣትሽ ቆዳው ላይ አይንሸራተት፣ ጫፉንም አትጎትቺ፣ ምንም አይወጣም ያምሻል እንጂ። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ምንም ላይመጣ ይችላል። እዚያ ላይ አታቁሚ። ጠብታው ይመጣል፣ ቀጥሎ ይፈናጠቃል። ሲቀንስ ጣትሽን ዙሪያውን አዘዋውሪ። በየሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጡት ቀያይሪ። በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። የልጁን ፎቶ ማየት ወይም ልብሱን ማሽተት ለብዙ እናቶች ወተቱን ያወርድላቸዋል።

የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ። ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ድረስ ጥሩ ነው። ዕቃው ላይ ቀኑን ጻፊ፣ የቆየው ቀድሞ ይውጣ። ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ ተመልሶ በረዶ አይደረግ። መብራት ረጅም ሰዓት ሄዶ የቀለጠውንም እንዲሁ ቁጠሪው። ሲሞቅ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሞ ነው፣ እሳት ላይ ወይም ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም። ቅባቱ ከላይ ቢንሳፈፍ ተበላሽቶ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበቃል።

ሠራተኛዋ ወይም እናትሽ በሲኒ ያጠጡት። ሕፃኑን ቀና አድርጎ ይዞ፣ ሲኒውን የታች ከንፈሩ ላይ አሳርፎ፣ ራሱ በምላሱ እንዲስብ መተው ነው። አፉ ውስጥ አይገልብጡበት። ሲኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል፣ ልጁም ጡትሽን አይረሳም። እነሱ እንዲለምዱት አንቺ ቤት ሳትኖሪ ይሞክሩት። አንቺ ካለሽ ጡትሽን ሸትቶ ሲኒውን እምቢ ይላል።

መሥሪያ ቤት በምሳና በሻይ ሰዓት እለቢ፣ ካልሆነ ጡትሽ ያብጣል። ኃላፊሽን አስቀድመሽ አነጋግሪያት። አንድ የሚቆለፍ ክፍልና ወንበር ነው የምትጠይቂው። ከሥራ እንደገባሽ፣ ሌሊቱንና ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት በጡት ብቻ።

ሲስተር፣ አሜሪካ ነው ያለሁት። ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት እሠራለሁ። ልጄ አምስት ወሩ ነው። ሱፐርቫይዘሬ «ሽንት ቤት ገብተሽ እለቢ» አለችኝ። ሌላ ደግሞ፣ የልጁ ሐኪም ቫይታሚን ዲ ስጪው አለች። ወተቴ ጎደሎ ሆኖ ነው?
*ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

ሽንት ቤት ምግብ የሚዘጋጅበት ቦታ አይደለም፣ የእዚያው አገር ሕግም ይህንኑ ይላል። በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) የተፈረመው «ፓምፕ አክት» የሚባለው ሕግ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ለማለቢያ የሚበቃ እረፍት እንዲሰጥሽ ያዛል። ቦታውም ከሰው ዓይን የተከለለ፣ ሰው የማይገባበት፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ መሆን አለበት። ለኃላፊዎች በጽሑፍ ጠይቂ፣ የጻፍሽውን ኮፒ ያዢ። ካልሰሙሽ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ትችያለሽ። አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ የማለቢያ መሣሪያም ይሸፍናልና ደውለሽ ጠይቂ።

ቫይታሚን ዲው ስለ ወተትሽ ጥራት አይደለም። ቫይታሚን ዲ በእናት ወተት ውስጥ በተፈጥሮው ጥቂት ነው፣ ሰውነት በዋናነት የሚሠራው ከፀሐይ ነው። አገር ቤት ሳለን ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቃለን። እዚያ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ልጁም ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው፣ የእኛ ቆዳ ደግሞ ጠቆር ስለሚል ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት በቀን 400 ዩኒት ይመክራል። ጠብታው ያለ ማዘዣ ይገኛል። ከመስጠትሽ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቢ። አንዳንዱ 400 ዩኒቱን በአንድ ጠብታ ይይዛል፣ ሌላው በአንድ ሙሉ ሚሊ ሊትር ነው። ከቀየርሽ መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ።